ባንክ የያዘው ሰነድ ዛሬ ስንት ያወጣል?

የአንድ ባንክ ሀብት በአብዛኛው በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። ሕንፃው፣ ካዝናውና ተሽከርካሪው ከጠቅላላ ሀብቱ ጥቂቱ ናቸው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ወደፊት ገንዘብ የመቀበል መብት ነው። ለደንበኞች የተሰጠ ብድር፣ ከመንግሥት የተገዛ ቦንድና የግምጃ ቤት ሰነድ፣ በሌሎች ባንኮች የተቀመጠ ገንዘብ፣ በሌላ ኩባንያ የተያዘ አክሲዮን፣ ሁሉም እንዲህ ያሉ መብቶች ናቸው፤ በአንድ ላይ የፋይናንስ ሀብት ይባላሉ። የሂሳብ መዝጊያው ቀን ሲደርስ ባንኩ ለእያንዳንዳቸው በብር የተተመነ ቁጥር ማስፈር አለበት። ቁጥሩ ባንኩ ሲገዛ ካወጣው ገንዘብ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሀብቱ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ሊሆን ይችላል። በባንክ ቤት ፌር ቫልዩ ወይም ትክክለኛ ዋጋ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ልኬቱ የሚመራበት ደንብ 13ኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ነው። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት ትክክለኛ ዋጋ ማለት በልኬቱ ቀን፣ በገበያው ተሳታፊዎች መካከል፣ በተለመደው የግብይት አካሄድ ሀብቱ ቢሸጥ የሚገኘው ዋጋ ነው። በጆሮ ለሚሰማው ሰው አባባሉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሐረግ የሚከለክለው ነገር አለ።

ዋጋው የመሸጫ ነው። ባንኩ ሰነዱን ትናንት በስንት እንደገዛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን አይደለም። ደግሞም ዋጋው የገበያው እንጂ የባንኩ አይደለም። የባንኩ ሥራ አመራር ሰነዱን እስከ መጨረሻው ቀን ይዤ እቆያለሁ ቢል ወይም አክሲዮኑ ወደፊት ብዙ ያተርፋል ብሎ ቢያምን፣ እምነቱ ዋጋውን አይለውጠውም። የሚጠየቀው ሌላ ገዢ፣ ስለ ሀብቱ በቂ መረጃ ያለውና ሳይገደድ የሚገበያይ ሰው፣ ዛሬ ስንት ይከፍላል የሚለው ነው። በመጨረሻም ሽያጩ የግዳጅ ሽያጭ አይሆንም። ክረምት ገብቶ እህል ያለቀበት ገበሬ በአንድ ቀን አውጥቶ የሸጠው በሬ የወረዳውን የበሬ ዋጋ አያሳይም፤ በዕዳ የተያዘ ተቋም በጥድፊያ የሸጠው ቦንድም እንደዚያው ነው።

ባንክ ይህን ዋጋ ለሁሉም ሀብቱ በመዝገብ አያሰፍርም። የትኛው ሀብት በየትኛው መንገድ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ሌላ ደንብ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 ተጠናቅቆ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት 9ኛው ደረጃ ነው። ይህ ደንብ ሁለት ነገሮችን ያያል። አንደኛው የሀብቱ ጠባይ ነው፤ ከሰነዱ የሚመጣው ገንዘብ ዋናውና ወለዱ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል? ሁለተኛው ባንኩ ሀብቱን የያዘበት ዓላማ ነው፤ ወለድና ዋናውን ሊሰበስብ ነው ወይስ ሊሸጥ? ዋናና ወለድ ብቻ የሚያመጣና ለመሰብሰብ የተያዘ ብድር ወይም ቦንድ በወጪው መነሻ፣ ወለዱ በየጊዜው እየተሰላበት ይመዘገባል። ለመሰብሰብም ለመሸጥም የተያዘው በትክክለኛ ዋጋ ይመዘገብና የዋጋው ለውጥ በካፒታል ውስጥ ባለ የተለየ መጠባበቂያ ይቀመጣል። የቀረው ሁሉ በትክክለኛ ዋጋ ተመዝግቦ የዋጋው መውጣትና መውረድ በቀጥታ ወደ ዓመቱ ትርፍና ኪሳራ ይገባል። አክሲዮን በመሠረቱ የሚወድቀው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ባንኩ ለንግድ ያልያዘውን አክሲዮን ግን ገና ሲገዛው መርጦ፣ ለውጡ በካፒታል በኩል እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። ምርጫው አንዴ ከተደረገ አይሻርም።

በወጪ መነሻ የተመዘገበ ሀብትም ቢሆን ከትክክለኛ ዋጋ ጥያቄ አያመልጥም። የመዝገብ ዋጋው ከገበያው ዋጋ የሚራራቅ ከሆነ ባንኩ የገበያውን ዋጋ በማብራሪያው ላይ መግለጥ አለበት። ይህ ማብራሪያ ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ገጽ ነው፤ ሊዘለል ግን አይገባውም። ለምን እንደሆነ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ያሳያል።

ይህ ባንክ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ባስቀመጡት ገንዘብ በፍጥነት አድጎ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ጠቅላላ ሀብቱ 209 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 91 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው እስከ መክፈያ ቀናቸው የሚያዙ ተብለው በወጪ መነሻ የተመዘገቡ ቦንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ወለድ እጅግ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ የተገዙ ናቸው። በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን በተከታታይ ከፍ ሲያደርግ የእነዚህ ቦንዶች የገበያ ዋጋ ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ ትክክለኛ ዋጋቸው 76 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር፤ ልዩነቱ 15 ቢሊዮን ዶላር ነው። የባንኩ ጠቅላላ የባለአክሲዮኖች ካፒታል ደግሞ 16 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ኪሳራ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ውስጥ አልገባም፤ ከተቆጣጣሪዎች የካፒታል ስሌትም አልተቀነሰም። የተደበቀ ግን አልነበረም። ሁለቱም ቁጥሮች በታተመው የሂሳብ መግለጫ ላይ ሰፍረዋል።

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2023 ባንኩ ለሽያጭ ከያዛቸው ሌሎች ቦንዶች 21 ቢሊዮን ዶላር የሚሆኑትን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። በማግስቱ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። ማርች 10 ባንኩ ተዘጋ። ቦንዶቹ የአሜሪካ መንግሥትና ከመንግሥት ጋር የተያያዙ ተቋማት ያወጧቸው ስለነበሩ ዋናው ገንዘብ በጊዜው እንደሚከፈል የተጠራጠረ አልነበረም። ጥያቄው እስከዚያ ጊዜ መቆየት ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። በወጪ መነሻ መመዝገብ ባንኩ ቦንዱን ይዞ የመቆየት አቅም እንዳለው ያስባል፤ አስቀማጭ ገንዘቡን ሲጠይቅ ያ አቅም ይጠፋና የሚቀረው የገበያው ዋጋ ብቻ ይሆናል።

ወደ ልኬቱ ስንመለስ፣ 13ኛው ደንብ ማስረጃን በሦስት ደረጃ ያስቀምጣል። ደረጃው የሚናገረው ሀብቱ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ ዋጋው በምን ላይ እንደቆመ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ያለው በንቁ ገበያ በግልጽ የሚነገር ዋጋ ነው። በለንደን ወይም በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በየደቂቃው የሚገበያይ አክሲዮን ዋጋው በሰሌዳ ላይ አለ፤ ባንኩ የያዘውን ብዛት በዋጋው ማባዛት ብቻ ይቀረዋል። ደንቡ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ባንኩ 2 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖረውና የአንዱ ዋጋ 500 ቢሆን የሚመዘገበው 1 ቢሊዮን ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብሸጥ ዋጋው ይወርድብኛል ብሎ መቀነስ አይፈቀድም። ለደላላ የሚከፈለው ኮሚሽንም ከዋጋው ላይ አይቀነስም፤ የሽያጩ ወጪ እንጂ የአክሲዮኑ ጠባይ አይደለምና።

በሰሌዳ ላይ ያለ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ገዢ የሚያቀርበውና ሻጭ የሚጠይቀው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በብዛት በሚገበያይ ሰነድ ላይ ጠባብ፣ እምብዛም በማይገበያይ ሰነድ ላይ ሰፊ ነው። ደንቡ በክፍተቱ ውስጥ ሁኔታውን በይበልጥ የሚወክለው ዋጋ እንዲወሰድ ያዛል፤ ብዙ ባንኮች ለአሠራር እንዲመች መካከለኛውን ይወስዳሉ። ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በጄፒ ሞርጋን ባንክ የለንደን ቢሮ የሆነው ግን ክብደቱን ያሳያል። በዚያ ያሉ ነጋዴዎች ከብድር ስጋት ጋር የተያያዙ እጅግ ብዙ ውሎችን ይዘው ነበር። ኪሳራው ሲጀምር ከመካከለኛው ዋጋ እየራቁ፣ በክፍተቱ ውስጥ ለእነርሱ ወደሚመቸው ጠርዝ እየተጠጉ ዋጋ መስጠት ጀመሩ። የእያንዳንዱ ውል ልዩነት ትንሽ ቢሆንም የተያዘው መጠን ግዙፍ ስለነበር ድምሩ ትልቅ ሆነ። ባንኩ የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የተጣራ ትርፉን በ459 ሚሊዮን ዶላር ቀንሶ እንደገና ለማቅረብ ተገደደ፤ ጠቅላላ ኪሳራውም ከ6 ቢሊዮን ዶላር በለጠ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች በድምሩ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጡት።

ሁለተኛው ደረጃ ለዚያው ሰነድ በሰሌዳ የተነገረ ዋጋ በሌለበት፣ ነገር ግን ዋጋውን ለማስላት የሚያስፈልገው መረጃ በገበያው በሚታይበት ጊዜ የሚሠራ ነው። አብዛኛው ቦንድ፣ የወለድና የምንዛሪ ውል እዚህ ይገባል። ባንኩ ከሚታዩት ግብይቶች የወለድ ምጣኔ ይወስዳል፤ ከሰነዱ ወደፊት የሚመጣውን ገንዘብም በዚያ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሳል። ስሌቱ በዝርዝር መታየት ይገባዋል፤ እርሳስና ወረቀት በእጁ ያለ አድማጭ ሊከታተለው ይችላል።

አንድ ባንክ የ1 ሚሊዮን ብር ቦንድ ይዟል እንበል። ቦንዱ በየዓመቱ 9 በመቶ፣ ማለትም 90 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል፤ ከ5 ዓመት በኋላም ዋናውን 1 ሚሊዮን ብር ይመልሳል። ዛሬ ተመሳሳይ ቆይታና ተመሳሳይ ስጋት ላለው አዲስ ቦንድ ገበያው 15 በመቶ ይጠይቃል እንበል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣው 90 ሺህ ብር ለ1.15 ሲካፈል ዛሬ 78 ሺህ 261 ብር ያወጣል። የሁለተኛው ዓመት 90 ሺህ ሁለት ጊዜ ለ1.15 ይካፈላል፤ 68 ሺህ 53 ብር ይሆናል። የሦስተኛው 59 ሺህ 176፣ የአራተኛው 51 ሺህ 458 ብር ነው። በአምስተኛው ዓመት ወለዱና ዋናው አብረው 1 ሚሊዮን 90 ሺህ ብር ሆነው ይመጣሉ፤ አምስት ጊዜ ለ1.15 ሲካፈል 541 ሺህ 923 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር 798 ሺህ 871 ብር ይሆናል። አንድ ሚሊዮን የተጻፈበት ቦንድ ዛሬ 800 ሺህ ብር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። መንግሥት አንድ ሳንቲም ሳያጎድል በየጊዜው ቢከፍልም ውጤቱ ይኸው ነው፤ ዛሬ 15 በመቶ የሚከፍል አዲስ ቦንድ መግዛት የሚችል ሰው 9 በመቶ የሚከፍለውን በሙሉ ዋጋ የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ የቦንዱ ውል የወሰነው 90 ሺሁን፣ 1 ሚሊዮኑንና 5 ዓመቱን ብቻ ነው። 15 በመቶው የመጣው ከገበያው ነው። ምጣኔው 12 በመቶ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ወደ 892 ሺህ ብር ከፍ ይል ነበር፤ 17 በመቶ ቢሆን ወደ 744 ሺህ ብር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል 148 ሺህ ብር ገደማ ልዩነት አለ። ስለዚህ የልኬቱ ትልቁ ሥራ ማባዛትና ማካፈሉ ሳይሆን ምጣኔውን መምረጡ ነው። የኢትዮጵያ ባንኮች ለአጭር ጊዜ የሚጠቅሱት ማስረጃ አላቸው፤ የግምጃ ቤት ሰነድ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በገበያ በሚወሰን ጨረታ ይሸጣል፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ሰነዶች ጨረታ የወለድ ምጣኔውን በይፋ ያሳያል። ከአንድ ዓመት ወዲያ ለሚሻገር ጊዜ ግን ማስረጃው እየሳሳ ይሄዳል፤ ባንኩም ካሉት ነጥቦች ተነሥቶ የቀረውን በራሱ ግምት መሙላት ይኖርበታል። ግምቱ እየበዛ ሲሄድ ሀብቱ ከሁለተኛው ደረጃ ይወጣና ወደ ሦስተኛው ይገባል።

በሦስተኛው ደረጃ ዋጋው የሚቆመው በገበያ በማይታዩ መረጃዎች ላይ ነው። ባንኮች የሚሰጡት ብድር አብዛኛው እዚህ ይመደባል፤ የአንድ ነጋዴ ብድር በገበያ አይሸጥምና። በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ያልተመዘገበ አክሲዮንም የዚህ ደረጃ ነው። የኢትዮጵያ ባንኮች በኢትስዊች፣ በኢንሹራንስ ኩባንያዎችና በሌሎች ተቋማት አክሲዮን አላቸው፤ ኢትስዊች ባንኮቹን በክፍያ መረብ የሚያገናኝ፣ ራሳቸው ባንኮቹ የያዙት ኩባንያ ነው። እንዲህ ላለው አክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ገማቹ ኩባንያው ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ ተንብዮ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሳል፤ ወይም ተመሳሳይ ኩባንያዎች ከትርፋቸው በስንት እጥፍ እንደሚሸጡ ያያል፤ ወይም የኩባንያውን ሀብት አንድ በአንድ ተምኖ ዕዳውን ይቀንሳል። ሁለት መንገዶችን ሞክሮ ውጤታቸውን ማነጻጸር የተሻለ ነው፤ ከተራራቁ አንዱ ግምት የተሳሳተ ቦታ ላይ እንዳለ ይጠቁማል። አክሲዮኑ ቶሎ የማይሸጥ መሆኑም ዋጋውን ይቀንሰዋል፤ ቅናሹ ስንት በመቶ ይሁን የሚለው ግን ሰዎች በፍርዳቸው የሚወስኑት ነው። የኩባንያው አክሲዮን በቅርቡ በዝግ ግብይት ተሸጦ ከሆነ ያ ዋጋ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የተሸጠው ለዘመድ ወይም ለነባር ባለአክሲዮን በቅናሽ ካልሆነ በስተቀር።

የሠራተኛ ብድር ብዙ ሰው ያላሰበው ቦታ ላይ ትክክለኛ ዋጋን ያመጣል። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ቤት መግዣ ወይም መሥሪያ ከገበያው ባነሰ ወለድ ያበድራሉ። 9ኛው ደንብ ማንኛውም ብድር ገና ሲሰጥ በትክክለኛ ዋጋው እንዲመዘገብ ያዛል፤ በኋላ በወጪ መነሻ የሚያዝ ቢሆን እንኳ። ለአንድ ሠራተኛ 1 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት ውስጥ በእኩል ዓመታዊ ክፍያ እንዲመልስ ቢሰጥ፣ ዓመታዊ ክፍያው 142 ሺህ 378 ብር ይሆናል። ባንኩ ለውጭ ደንበኛ ተመሳሳይ ብድር የሚሰጠው በ14 በመቶ ከሆነ እነዚህ አሥር ክፍያዎች በ14 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለሱ ወደ 742 ሺህ 700 ብር ያወጣሉ። ከካዝናው የወጣው ግን 1 ሚሊዮን ነው። የጎደለው 257 ሺህ 300 ብር ገደማ ኪሳራ አይደለም፤ ለሠራተኛው አስቀድሞ የተከፈለ ጥቅማጥቅም ተብሎ ይመዘገብና በጊዜ ሂደት ወደ ሠራተኛ ወጪ ይገባል። ከዚህ በፊት በወለድ ቅናሽ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረ የደመወዝ ክፍል በመዝገብ ላይ በስሙ ይታያል፤ ይህ የደንቡ ትልቅ ጥቅም ነው።

በኢትዮጵያ ባንኮች ወደዚህ አሠራር የገቡት በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ አዋጅ ዓለም አቀፉን ደረጃ ግዴታ አደረገ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ባንኮች ከመጀመሪያዎቹ ተራ ገብተው በ2010 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ሂሳባቸውን በአዲሱ መንገድ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ የግል ባንኮች በመዝገባቸው ላይ ከያዟቸው ሰነዶች አንዱ የብሔራዊ ባንክ ቢል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን ያህል በዚህ ሰነድ ላይ እንዲያውሉ ታዘው ነበር፤ ሰነዱ የ5 ዓመት ሲሆን ወለዱ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር። ግዴታው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ለልኬት ከባዱ ፈተና ነው፤ ገዢው በፈቃዱ አልገዛውም፣ የሚሸጥበት ገበያ የለም፣ ወለዱም በመመሪያ የተወሰነ ነው። ገበያ ራሱ በሌለበት የገበያ ተሳታፊ ስንት ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ገማቹን ከግምት ወደ ግምት ይወስደዋል።

ይህ ሁኔታ በጥቂቱ መለወጥ ጀምሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ሆኖም መመዝገብ ብቻውን የአንድን አክሲዮን ዋጋ የመጀመሪያ ደረጃ ማስረጃ አያደርገውም። ደንቡ የሚጠይቀው ንቁ ገበያ ነው፤ ግብይቱ በድግግሞሽም በመጠንም ያለማቋረጥ የዋጋ መረጃ የሚሰጥ መሆን አለበት። በወር አንድ ጊዜ ጥቂት አክሲዮን የሚሸጥበት ሰሌዳ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ የመጨረሻው ቃል ግን አይሆንም።

ንቁ የነበረ ገበያም በአንድ ሳምንት ሊደርቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2007 የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ ከሦስት የኢንቨስትመንት ፈንዶቹ ገንዘብ ማውጣትን ለጊዜው አገደ፤ በአሜሪካ የቤት ብድር ላይ የቆሙት ሰነዶች ገዢ ስላጡ ዋጋ ማውጣት አልተቻለም የሚል ነበር ምክንያቱ። የፋይናንስ ቀውሱ ሲሰፋ ባንኮች በየሩብ ዓመቱ እጅግ ዝቅ ባለ ዋጋ ሀብታቸውን እንዲመዘግቡ ተገደዱ፤ ካፒታላቸውም ተመታ። ክርክሩ ጠነከረ፤ አንዱ ወገን የገበያው ዋጋ ቀውሱን አባብሷል አለ፤ ሌላው ደግሞ በሽታውን አሳየ እንጂ አላመጣውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦክቶበር ደረጃዎቹን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ቦርድ በፖለቲካ ጫና ውስጥ ሆኖ፣ ባንኮች አንዳንድ ሀብቶችን በትክክለኛ ዋጋ ከሚለካበት ምድብ እንዲያወጡ፣ ያውም ወደ ጁላይ መጀመሪያ ተመልሶ እንዲሠራ ፈቀደ። ወደ ኋላ የሚሠራው ይህ ፈቃድ የአንባቢን እምነት የጎዳ እርምጃ ነበር፤ ባንኩ የመለኪያውን ምድብ የሚመርጠው የዋጋውን ውጤት ካየ በኋላ ሆነና።

ከዚያ ቀውስ የተገኘው ዘላቂ መመሪያ ግን ጠቃሚ ነው። ግብይት መቀነሱ ብቻ ሽያጩን የግዳጅ ሽያጭ አያሰኘውም። ገማቹ ሻጩ በቂ ጊዜ ነበረው ወይ፣ ሰነዱን ለብዙ ገዢ አቅርቧል ወይ፣ በመክሰር አፋፍ ላይ ነበር ወይ እያለ እያንዳንዱን ሽያጭ ይመረምራል። ጤናማ ሆኖ የተገኘው ሽያጭ ቢያምም ቢመርም ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው የሚለው ጥያቄ ከስሌቱ አያንስም። ሰነዱን የገዛው ክፍል ጉርሻው ከትርፉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዋጋውን ብቻውን ሊወስን አይገባም። በደንብ በሚመራ ባንክ ዋጋው ከግዢና ሽያጭ ክፍሉ ውጭ ባለ የፋይናንስ ወይም የስጋት ክፍል በገለልተኛ ምንጭ ይፈተሻል፤ የስሌት ሞዴሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ባልሠሩት ባለሙያዎች ይመረመራል፤ የተሸጡ ሰነዶች የሽያጭ ዋጋም ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ ባንኩ አስቀድሞ ሀብቱን ሲያስወድድ ወይም ሲያሳንስ ቆይቷል ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣው ኦዲተር ደግሞ የራሱን ስሌት ይሠራል፤ በተለይ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ጊዜውን ያጠፋል።

በመጨረሻም ባንኩ ያወጣውን ዋጋ ከነማስረጃው ማሳየት አለበት። የማብራሪያው ሠንጠረዥ የፋይናንስ ሀብቶቹን በሦስቱ ደረጃዎች ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የተዛወረ ካለ ምክንያቱን ይጽፋል። በትክክለኛ ዋጋ ለተመዘገቡት የሦስተኛ ደረጃ ሀብቶች የሚጠየቀው ይበዛል፤ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው ስንት ነበር፣ ስንት ተገዛ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ብር በዋጋ ለውጥ ብቻ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆነ፣ በስሌቱ ውስጥ የገቡት የማይታዩ ግምቶች የትኞቹ ናቸው፣ ግምቶቹስ በተገቢ መጠን ቢለወጡ ዋጋው ምን ያህል ይቀየራል የሚሉት ሁሉ ይመለሳሉ። የዓመቱ ትርፍ ያደገው ወለድ በመሰብሰብ ይሁን ላልተሸጠ አክሲዮን በተሰጠ አዲስ ግምት፣ ባለአክሲዮኑም ሆነ አስቀማጩ ሊለየው የሚችለው በዚህ ገጽ ላይ ነው።